የሁለተኛው እጀታ ዋጋ

ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት፣ ትከሻዋ የበር መቃን የሚሞላ፣ ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር እንደ ፈረስ የምትገራ ሴትዮ «ሚጡ» ተብላ ስትጠራ የሰማ እንግዳ መጀመሪያ ዞር ዞር ብሎ ልጅ ይፈልጋል። ልጅ የለም። ሚጡ ራሷ ናት። ስሙን ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ስትሆን ያኔስ በእርግጥም ሚጢጢ ነበረች። ኋላ አደገች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ሸበተች፤ ስሙ ግን «እኔ እዚሁ እቀራለሁ» ብሎ አብሯት ሳያድግ ቀረ። የየምግብ ቤቱ የኩሽና ሠራተኞች ማክበሩም መድፈሩም ስላማራቸው «እትዬ ሚጡ» ይሏታል። እሷም አቤት ትላለች።

ሥራዋ ከምግብ ቤቶች ትርፍራፊ መሰብሰብ ነው። ምግብ ቤት ሲበሉበት ያምራል። የድንቹ ልጣጭ፣ የዓሣው አጥንት፣ አንድ ጊዜ ተገምጦ የተተወው ዳቦ፣ የቀዘቀዘው ሾርባ ግን አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ካልሄደ በማግስቱ ዝንብ ይጠራል፣ በሦስተኛው ቀን ጎረቤት፣ በአራተኛው ቀን የጤና ተቆጣጣሪ። ሚጡ ከዝንቡ ቀድማ ትደርሳለች። በርሜሉን ትጭናለች፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ብስባሽ ወደሚያዘጋጅ እርሻ ታደርሳለች፤ ምግብ ቤቱም በበርሜል ሂሳብ ይከፍላታል። ይኸው ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ሲያነሱት ነው እንጂ።

ሥራውን የጀመሩት ሁለቱ እህትማማቾች ነበሩ። ሚጡ ታላቋን «እታለም» ነው የምትላት፤ ሌላ ስም ያላትም አይመስላትም። በርሜሎቹ ሰማያዊ ናቸው፣ ቁመታቸው እስከ ወገብ፣ ግራና ቀኝ እጀታ ያላቸው። ሲጀምሩ ሚዛን መግዣ ስላልነበራቸው ክንዳቸውን ሚዛን አደረጉት። እታለም ግራውን፣ ሚጡ ቀኙን እጀታ ይይዙና በርሜሉን ከመሬት አንድ ስንዝር ያነሱታል። ሳያወርዱት፣ ሳይተያዩ፣ እታለም ትጠይቃለች።

«ስንት?»

«አርባ አንድ» ትላለች ሚጡ።

«አርባ ሦስት።»

«አርባ ሁለት» ይላሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ፤ ይጻፋል። ከአርባ ኪሎ በታች የሆነ በርሜል ዘጠና ብር፣ አርባና ከዚያ በላይ የሆነ መቶ አምስት። እርሻው በር ላይ ትክክለኛ ሚዛን ነበርና የእህትማማቾቹ ክንድ በየጊዜው ይፈተን ነበር፤ ከግማሽ ኪሎ በላይ ተሳስተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ሁለት ኪሎ ተሳሳቱ ተባለ። እታለም «ሚዛኑን አስፈትሹት» አለች። ሰዉ ሳቀባት። ሚዛኑ ሲፈተሽ የተሳሳተው እሱ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ የእርሻው ዘበኛ እንኳ ሲያያቸው ኮፍያውን ነካ ያደርግ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አነሱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሚጡና እታለም ግን ሁለት ሆነው ጌጥ ያደረጉት የድንች ልጣጭ ነበር። በዚያ በርሜል ላይ ሆነው ያልተነጋገሩት ነገር የለም። ሚጡ ባሏ ያስከፋትን ቀን የነገረችው፣ እታለም የባሏን ሞት ያለቀሰችው፣ ልጆቻቸውን በየተራ የዳሩት፣ ሁሉም በእጀታና በእጀታ መካከል ነው።

ከዚያ እታለም ሄደች።

ከባሕር ማዶ የምትኖረው ልጇ መንታ ወለደችና «እማዬ፣ ድረሽልኝ» አለቻት። «ስድስት ወር ብቻ ነው» አለች እታለም ሻንጣዋን እየቆለፈች። «አንገታቸው እስኪጠና።» አንገታቸው ጠና። ከዚያ ተቀመጡ። ከዚያ ዳሁ። ከዚያ ቆሙ፣ ሄዱ፣ ሮጡ፣ አፍ ፈቱ፣ በማያውቋት የአያታቸው እህት ፎቶ ላይ በእስክሪብቶ ጢም ሳሉ። እነሆ ሦስት ዓመት ሆነ። እታለም በየስልኩ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ትላለች፤ ሚጡም «አይ፣ አትቸኩዪ» ትላለች። ሁለቱም በሚገባ ይዋሻሉ።

ሌላው ሰው የናፈቀውን ሰው ፎቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ሚጡ ዋጋ አስቀመጠች። ዘጠናና መቶ አምስት፤ እታለም ያወጣችው ዋጋ። ነዳጅ ተወደደ፣ ሳሙና ተወደደ፣ የጎማ ነገርማ አይነሳ፤ የሚጡ ዋጋ ግን ንቅንቅ አላለም። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሳትቀር አዘነችላትና «ኧረ እትዬ ሚጡ፣ ጨምሪብን እንጂ! እኔ እንኳ ሦስት ጊዜ ጨምሬአለሁ» አለቻት። «እህቴ ስትመጣ ተነጋግረን» ብላት ሚጡ ሄደች።

ሁለተኛውን እጀታስ ማን ያዘው? በየኩሽናው የተገኘ ሰው። ዕቃ አጣቢ፣ ሽንኩርት ከታፊ፣ አንዳንዴም አስተናጋጅ፣ መሐረቡን እጀታው ላይ ጠቅልሎ። ሚጡ ከልማዷ «ስንት?» ትላለች። ከፋዩ ወገን ደግሞ ሞኝ አይደለም።

«ሠላሳ ዘጠኝ!» ይላል ዕቃ አጣቢው፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ።

«ሠላሳ ዘጠኝ?»

«ምን ሠላሳ ዘጠኝ ነው፣ ላባ ነው እንጂ! ለእትዬ ብዬ ነው ከፍ ያደረግኩት።»

እታለም ከሄደች ወዲህ በከተማው ውስጥ አርባ ኪሎ የሞላ በርሜል ጠፋ። ሚጡ ታውቃለች። ክንዷ አርባ አራት እያላት ሠላሳ ዘጠኝ ትጽፋለች። መከራከር ለሁለት ሰው ነው የሚያምረው።

እንዲህ እንዲህ እያለች ሳለ ከሰባቱ ምግብ ቤቶች ሁለቱ በአንድ ወር ውስጥ ተዘጉ። የቀሩት አምስቱ ነዳጇንና ጥገናዋን ሸፍነው ለእሷ የሚተርፉት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በዚሁ ከቀጠለ ሁለት ወር ሳይሞላ ሞተሩን ሸጣ ቤቷ መቀመጧ ነው። ቤት መቀመጡ እንኳ አላስጨነቃትም፤ ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፣ ጦም አያድሩም። ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነው። ሥራው ከተዘጋ እታለም ወደ ምን ትመለሳለች?

በዚህ መካከል ትልቁ ሆቴል አስጠራት። በቀን አሥራ አራት በርሜል፤ የአንድ ዓመት ውል። የሆቴሉ የግዢ ኃላፊ ከልጇ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው፤ ሸሚዙ ላይ አንዲት ዕጥፋት የለችም፣ ከአፉም የምትወጣ ትርፍ ቃል የለችም።

«ዋጋዎን በጽሑፍ» አላት።

«አሁኑኑ በአፌ ልንገርዎት፤ ዘጠና ነው።»

«በአፍ የተባለ ነፋስ ይወስደዋል። በጽሑፍ ያምጡልኝ። ዋጋው በምን በምን እንደ ተሠራ ተዘርዝሮ። እስከ ሐሙስ ረፋድ።» ከዚያ ኩሽናውን አሳያት። ከምድር በታች ነው፤ ወደ ጓሮ የሚያወጣው ደረጃ አሥራ ዘጠኝ። ሚጡ እየወጣች ቆጠረችው፣ እየወረደች ደግማ ቆጠረችው፤ አልቀነሰም።

«አሳንሰር አላችሁ አይደል?»

«አሳንሰሩ ለእንግዳና ለንጹሕ ዕቃ ነው።»

«እንግዲያስ ሠራተኞቻችሁ በአንድ እጃቸው ቢያግዙኝ?»

«ሠራተኞቻችን የቆሻሻ በርሜል አይነኩም። ደንብ ነው።»

«በጽሑፍ?»

«በጽሑፍ» አለ፣ መቀለዷ ሳይገባው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በሚጡ ቤት ስሙ «አቶ በጽሑፍ» ሆነ። ሲሸኛት፣ የጭነት መኪና ያለው አንድ ድርጅትም ዋጋ እንደሚያቀርብ ነገራት፤ እሱን እንኳ በአፉ ነው የነገራት።

ሰኞ አመሻሽ ላይ በባሏ የስፌት ክፍል፣ ጨርቅ በሚቆረጥበት ሰፊ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ ዋጋዋን ጻፈች። ነዳጅ። የበርሜል ማጠቢያ ሳሙናና ውሃ። ጎማና ጥገና። የራሷ የቀን ሥራ። ደምራ በአሥራ አራት ስታካፍለው ዘጠና መጣ። መምጣቱ ደስ አሰኛት፤ የድሮ ወዳጅ በር ያንኳኳ መሰላት። ወረቀቱን ለባሏ ሰጠችው። ባሏ አፉ ውስጥ ስፒል ይዞ ነበርና አንድ በአንድ አውጥቶ የስፒል ትራሱ ላይ ሰካቸው፤ ከዚያ አነበበ፤ ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄ ኮት ባለ አንድ እጅጌ ነው» አለ።

«የምን ኮት?»

«ያንቺ። ነዳጁን ጻፍሽ፣ ሳሙናውን ጻፍሽ፣ የራስሽን ቀን ጻፍሽ። በርሜሉ ስንት እጀታ አለው?»

«ሁለት ነዋ።»

«ሁለተኛውን ማን ይዞታል?»

ሚጡ መቀሱን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«እታለም ትመጣለች» አለች በመጨረሻ።

«ትምጣ! እኔ በር ዘጋሁባት? ስትመጣ ቀሚስ እሰፋላታለሁ። እስክትመጣ ግን አሥራ አራቱን በርሜል በአሥራ ዘጠኝ ደረጃ ማን ያወጣዋል ነው የምልሽ። ነገ ውሉን ፈርመሽ ብቻሽን ስታነሺ ወገብሽ ይቆረጥና እሷም መጥታ የምታስታምም ብቻ ትሆናለች።»

«ሟርተኛ!»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የውሉን ወረቀት የሆቴሉ ሰውዬ ይይዘዋል።»

«ስለዚህ ሞኟ እኔ ነኝ ማለትህ ነው?»

«እኔ ምን አልኩ? የሰማሁትን ተረት ነው የተረትኩት።»

የልክ መውሰጃውን ሜትር ወረወረችበት። ትከሻው ላይ አረፈለት፤ እንደ ሁልጊዜውም እዚያው ተወው። ሚጡ ግን ወረቀቱን አጥፋ ይዛ ተኛች። ሌላ ሰው ጨምራ ዋጋ ማውጣት ማለት ያንን ቦታ ለሌላ ሰው መስጠት ማለት ነው። ሥራውን ለእህቷ ብላ ልታቆየው፣ የእህቷን ቦታ ልትሰጥ። ነገሩ እንዲህ ሲገለባበጥባት እንቅልፍም አልወሰዳት።

ማክሰኞ ደወለች። እታለም «ደህና ዋልሽ» ሳትል ነው የጀመረችው፤ የሆቴሉን ነገር የሚጡ ልጅ ነግራት ኖሮ ሥራው ክንዷ ውስጥ ተቀስቅሷል።

«በርሜላቸው እርጥብ ነው ደረቅ?»

«እርጥብ። ሾርባ ያበዛሉ።»

«እና በእርጥብ ዘጠና ልትዪ? አበድሽ እንዴ? ደረጃስ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ! ይሄ ሆቴል ነው ማማ? ስሚኝ ሚጡ፣ ቀንሺ ካሉሽ ዋጋውን እንዳትነኪ። ዋጋ አንዴ ከወረደ መውጫ ደረጃ የለውም። ሌላ ነገር ጨምሪላቸው፤ ማጠብ ነው፣ ቀድሞ መድረስ ነው፣ ብቻ የማያስከፍልሽን ነገር። ሰው የተጨመረለት ነው የሚመስለው።»

ሚጡ ፈገግ ብላ ታዳምጥ ነበር። ከእህቷ ጋር የቆመች መስሏት የቀኝ እጇ ጣቶች ሳታውቀው እጀታ እንደ ያዙ ሆነው ታጥፈው ነበር። ይህንን ስታይ ጠየቀች።

«እታለም፣ መቼ ነው የምትመጪው?»

ከወዲያ አንድ ነገር ተንኮታኮተ፤ ሁለት ሕፃናት ባንድ ጊዜ ጮኹ። «አንተ! ከዚያ ውረድ! አንቺ ደግሞ ያንን ከአፍሽ አውጪ! … እ? ምን አልሽኝ ሚጡዬ?»

«ምንም። ሂጂ፣ ልጆቹን አንሺ።»

አንዳንድ ጥያቄ አንድ ጊዜ ለመጠየቅ የሚበቃ አቅም ብቻ ነው ያለው።

ረቡዕ ጠዋት ከተዘጉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ላይ ድንች ላጯን አገኘቻት። ድንች ላጯ በዚያ ኩሽና ስድስት ዓመት የሠራች፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የማያንስ ሴት ናት፤ ድንች ስትልጥ ልጣጩ ሳይበጠስ መሬት ይደርሳል ይባላል። ሥራ ካጣች ወዲህ በየሳምንቱ ሚጡን መንገድ ላይ እየጠበቀች አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃት ነበር።

«እትዬ ሚጡ፣ ቦታው ተለቀቀ?»

«ተይዟል።»

«ማንም አይታየኝም እኮ!»

«ባይታይሽም ተይዟል።»

ዛሬ ሚጡ ሞተሩን አቆመች። «ነይ ውጪ። ዛሬ ብቻ ነው። ለሙከራ። ቦታው አልተለቀቀም።»

«ኧረ ዛሬስ ቢሆን!» አለችና ሚጡ ሐሳቧን ሳትለውጥ ተስፈንጥራ አጠገቧ ገባች።

አቶ በጽሑፍ አንድ በርሜል በሙከራ እንዲያወጡ ፈቀደላቸው፤ ፈቃዱም እርግጥ በጽሑፍ ነበር። ሚጡ ቀኙን፣ ድንች ላጯ ግራውን ያዙ። አንድ፣ ሁለት፤ ተነሳ። ሚጡ በርሜሉን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋ ቀጥ አለች። ድንች ላጯ ትንሽ ቆይታ በጎን አየቻት።

«እትዬ ሚጡ፣ ምን እንጠብቃለን?»

«ቁጥር።»

«የምን ቁጥር?»

«ስንት ይመዝናል?»

«ከባድ ነው።»

«ከባድ ስንት?»

«ውይ! ከባድ ስንት አለው? ከባድ ከባድ ነው! ቶሎ በይ፣ ክንዴ ሊወልቅ ነው!»

ሚጡ ሳቋ አመለጣትና በርሜሉ ሊያመልጣት ደረሰ። ደረጃውን ጀመሩ። ድንች ላጯ እያንዳንዱን ደረጃ በስም እየጠራች ነው የምትረግጠው፤ አንዱን የቀድሞ አለቃዬ፣ ሌላውን የቤት አከራዬ፣ ሦስተኛውን ያ ብድሬን የካደኝ እያለች። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ የሚረገጥ ጠላት አለቀባትና ከዘመድ ጀመረች። ሚጡ አሥራ ሁለተኛው ላይ አንድ ነገር ታወቃት። የበርሜሉ የዚያኛው ወገን ዝቅ አላለም። ሴትዮዋ እውነቷን ነው የምትይዘው፤ እንደ ዕቃ አጣቢው ለይስሙላ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ በቀኝ ትከሻዋ ላይ ተኝቶ የኖረ ክብደት ተነሳላት።

ቀለላት። ያስለቀሳትም መቅለሉ ነው። ከብዷት ሳለ የእህቷ ቦታ ባዶ እንደ ሆነ ክንዷ በየቀኑ ይነግራት ነበር፤ ክብደቱም አንድ ዓይነት አብሮ መኖር ነበር። አሁን እሱም ሊሄድባት ነው።

«እትዬ ሚጡ፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?»

«ሽንኩርቱ ነው።»

ድንች ላጯ ወደ በርሜሉ አጎነበሰች፤ ሾርባና ዳቦ እንጂ ሽንኩርት አልነበረበትም። ምላሷ ያ ሁሉ ሆኖ ሳለ «አዎ፣ የሆቴል ሽንኩርት ይብሳል» ብቻ አለችና እጀታዋን ጠበቅ አደረገች።

ሐሙስ ረፋድ ሚጡ አዲሱን ወረቀት አቶ በጽሑፍ ፊት አስቀመጠች። በበርሜል መቶ ሠላሳ። እያንዳንዱ ነገር ተዘርዝሮ፣ «የሁለተኛ ሰው የቀን ክፍያ» የሚልም መስመር ተጨምሮ። ያችን መስመር ለመጻፍ ከቀሩት መስመሮች ሁሉ የበለጠ ጊዜ ወስዶባታል።

«የመኪናው ድርጅት መቶ አሥራ አምስት ነው ያለው» አላት።

«መኪናው ደረጃ ይወጣል?»

«አይ፣ እነሱ ከጓሮ ነው የሚረከቡት። በርሜሉን እስከ ጓሮ ድረስ የኛ …» አለና ቆመ።

«የናንተ ማን?»

ሰውየው ያንን ዕጥፋት የሌለው ሸሚዙን አየ።

«ሠራተኞቻችሁ በርሜል አይነኩም» አለች ሚጡ በለስላሳ ድምፅ። «ደንብ ነው። በጽሑፍ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየችው። ጥርሱ ያምራል፤ ምነው ይደብቀዋል አለች በሆድዋ። «ቢያንስ መቶ ሃያ አምስት ያድርጉት» አላት።

«ዋጋውን አልነካም። ግን በርሜሎቹን በሳምንት ሁለት ቀን በፈላ ውሃ አጥቤ እመልስልዎታለሁ። ኩሽናችሁ ውስጥ ጠረን የሚባል አይኖርም።»

አሰበ። ከዚያ ጻፈው። ሥራው ተረፈ ማለት ነው። ሚጡ ልትነሳ ስትል ግን አንድ ቅጽ ገፋላት።

«እዚህ ላይ የሁለተኛዋን ሠራተኛ ሙሉ ስም ይሙሉልኝ። ለመግቢያ ፈቃድ ነው።»

«ለጊዜው ባዶ ቢቀርስ?»

«ባዶ ከቀረ ዋጋው በአንድ ሰው ይሰላል። ለሌለ ሰው ክፍያ አንከፍልም።»

በክፋት አልነበረም የተናገረው። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ፊት ለፊት አልነገራትም። እስክሪብቶውን አነሳች። እጇ ራሱ ሄደ፤ አንድ ፊደል ጻፈ፣ ሁለተኛውን ጨመረ። የእታለም ስም ነበር፤ ለዘጠኝ ዓመት በየቅጹ ላይ ከራሷ ስም ሥር የጻፈችው እሱን ነው። ሁለቱን ፊደላት አየቻቸው።

«ተበላሸብኝ» አለች።

አቶ በጽሑፍ ወረቀቱንም እሷንም አየ። ምንም ሳይጠይቅ መሳቢያውን ከፍቶ ሌላ ቅጽ አወጣላት። «አይቸኩሉ» አላት፤ ወደ መስኮቱም ዞሮ ጎዳናውን ማየት ጀመረ። ሚጡ የድንች ላጯን ሙሉ ስም፣ የአባቷን ጨምራ፣ በጥንቃቄ ጻፈች። ፈረመች። የተበላሸውንም ቅጽ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ደወለች። ከወዲያ በኩል ጸጥታ ነው፤ መንታዎቹ ተኝተዋል።

«አገኘሽው?» አለች እታለም።

«አገኘሁት። መቶ ሠላሳ።»

«እልልል …» አለችና ልጆቹ ትዝ ቢሏት እልልታውን በእጇ አፈነችው። «መቶ ሠላሳ! በምን አሳምነሽ?»

«ሁለት ሰው ነን ብዬ።»

ሚጡ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዞረችው።

«ቦታሽን ሰጠሁት፣ እታለም። ለድንች ላጯ። ስሟን ጻፍኩ።»

ሚጡ የእታለምን ትንፋሽ ትሰማለች፤ ከባሕር ማዶ መጥቶም ያው ትንፋሽ ነው፣ ሦስተኛው በርሜል ላይ ሲደርሱ የምትተነፍሰው ዓይነት።

«ሚጡ» አለች በመጨረሻ። «የምመጣ አይመስለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ትናንት። ደረጃው ላይ።»

«ምን ሆንሽ ደረጃው ላይ?»

«ቀለለኝ።»

«ከቀለለሽማ ጥሩ ነው።»

«ጥሩ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች እታለም፤ ድምፅዋ ሰለለ። «እኔኮ አንቺ እየጠበቅሽኝ መሆኑን እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት። አልመጣም ብልሽ ሌላ ሰው ታስገቢያለሽ ብዬ ቀናሁ። ይሄውልሽ ታላቅ እህትሽ! ሽበቷን ይዛ በእጀታ የምትቀና!»

«እኔስ? ዋጋውን ሦስት ዓመት አልነካሁትም። አንቺ ያወጣሽው ነው ብዬ።»

«ምን? ያንኑ ዘጠና? አንቺ ሴትዮ! ባልሽ የት ሄዶ ነው?»

«ስፒል አፉ ውስጥ ነበር።»

እታለም ትን አላት። ከዚያ እንደ ወጉ፣ አፍንጫዋን ጠራርጋ፣ ወደ ሥራው ተመለሰች። «ለመሆኑ ለሴትዮዋ በቀን ስንት አደረግሽላት?»

«አራት መቶ ሃምሳ።»

«በቀን?»

«በቀን።»

«እኔን ዘጠኝ ዓመት ስንት ነበር የምትከፍዪኝ?»

«አንቺን መች ከፍዬሽ አውቃለሁ!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! ደመወዝተኛ ብታደርጊኝ ኖሮ ፈቃድ ጠይቄ እሄድ ነበር፤ ፈቃድ ጠይቆ የሄደ ሰው ደግሞ መመለሻው ቀን ይቆረጥለታል!»

እዚህ ላይ ነው ሳቁ የፈነዳው። እታለም መንታዎቹን እንዳትቀሰቅስ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀበረች፤ ሚጡ የስፌት ጠረጴዛው ላይ በግንባሯ ተደፋች፤ ባሏ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ቢመጣ በእጇ ሂድልኝ አለችው። ሳቁ እያጠረ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ እየረጠበ ሄደ። መጀመሪያ ያለቀሰችው አንቺ ነሽ፣ አይ አንቺ ነሽ እየተባባሉ ስልክ በተደዋወሉ ቁጥር እስካሁን ይከራከራሉ፤ አንዳቸውም የሌላኛዋን አልተቀበለችም።